ገጥመን እንሥራ ወይስ የተገጠመውን እንግዛ?

በርካሽ ዋጋ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ፈልጎ ከመርካቶ እስከ ቦሌ የተንከራተተ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ በራስ እጅ መገጣጠም ይሻላል ወይስ ተገጣጥሞ የተዘጋጀውን መግዛት?» የሚለው ነው። ክርክሩ በመኝታ ቤቶቻችን፣ በምግብ ቤት ሰልፍ፣ በቤተ መጻሕፍት ደረጃ ላይ ሳይቀር ይሰማል። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በማስረጃ ሳይሆን በመናናቅ መሆኑ ነው። ገጣጣሚው ገዢውን «ሰነፍ» ይለዋል፤ ገዢውም ገጣጣሚውን «መብራት የሚያብለጨልጭ ሣጥን የሚወድ ጉረኛ» ይለዋል። በዚህ መካከል ገንዘቡን ቋጥሮ ምክር የሚጠብቀው አዲስ ተማሪ ግራ ገብቶት ይቀርና የመጨረሻውን ቃል ደላላው ይናገረዋል።

እኛ ይኸን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣነው የመጨረሻው ቃል የደላላው መሆን የለበትም ብለን ስለምናምን ነው። ለመሆኑ ገንዘቡ የማን ነው? አንዱ ተማሪ የሚገዛው አባቱ እህል ሸጦ በሰጠው ገንዘብ ነው። ሌላይቱ የምትገዛው እኅቷ በዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ በላከችላት ነው። ሌላው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ሲሠራ ከርሞ ባጠራቀመው ነው። እንዲህ ያለው ገንዘብ ሁለት ጊዜ አይገኝም። የተገዛው ዕቃ በሦስተኛው ወር ቢበላሽ የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የምሕንድስናው ንድፍም፣ የሒሳቡ ሥራም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ጉዳዩ የምርጫና የጌጥ ጉዳይ ሳይሆን የብዙ ቤተ ሰብ ላብ የሚጠፋበት ወይም ፍሬ የሚያፈራበት ጉዳይ ነው።

አስቀድመን ለሕግ፣ ለታሪክና ለቋንቋ ተማሪዎች ነገሩን ግልጽ ለማድረግ እንሞክር። ዴስክቶፕ የሚባለው ሣጥን ሲከፈት በውስጡ የሚገኙት ዋና ዋና ነገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ትእዛዙን ሁሉ የሚያሰላው ፕሮሰሰር፣ ሁሉን የሚያገናኘው ማዘርቦርድ፣ በሥራ ላይ ያለውን ለጊዜው የሚይዘው ራም፣ ጽሑፋችንንና ፕሮግራሙን የሚያስቀምጠው ዲስክ፣ የ220 ቮልቱን ኤሌክትሪክ ወደ ትንንሽ ቮልት የሚለውጠው ፓወር ሰፕላይ፣ ሙቀቱን የሚያበርደው ፋን፣ እነዚህን ሁሉ የሚሸከመው ኬዝ ናቸው። ለከባድ የሥዕልና የንድፍ ሥራ የግራፊክስ ካርድ ይጨመርበታል። ይኸን ሁሉ ለመገጣጠም ብየዳ አያስፈልግም። አንድ ካቻቢቴ፣ ጥቂት ትዕግሥትና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። እንዲህ ቀላል የሆነበትም ምክንያት ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን ደንብ አውጥቶ የማዘርቦርዱን ስፋት፣ የብሎኑን ቀዳዳ ቦታና የኤሌክትሪክ መሰኪያውን ቅርጽ አንድ ወጥ ስላደረገው ነው። የአንዱ ፋብሪካ ማዘርቦርድ በሌላው ፋብሪካ ኬዝ ውስጥ ልክ የሚገባው በዚህ ደንብ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «መገጣጠም የጥቂት ጎበዞች ሥራ ነው፤ ኩባንያ የሠራው ግን ሌላ ክብር አለው» ይላሉ። ታሪኩ ግን የሚነግረን ሌላ ነው። ለግለሰብ የሚሆን ኮምፒውተር በሰፊው መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 አልቴር 8800 በተባለው ዕቃ ሲሆን እርሱም ባብዛኛው በፖስታ የሚመጣ፣ ገዢው ራሱ ቁጭ ብሎ እየበየደ የሚገጥመው የዕቃ ጥቅል ነበር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1981 ያወጣው የግል ኮምፒውተርም ከሌሎች ኩባንያዎች በተገዙ ዕቃዎች የተገጣጠመ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል፣ የሥራ ማስኬጃ ፕሮግራሙም የማይክሮሶፍት ነበር። ዛሬ በየሱቁ የምናየውን ዴል የተባለውን ድርጅት የመሠረተው ማይክል ዴልም እ.ኤ.አ. በ1984 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተር እየከፈተ፣ ዕቃ እየጨመረ ይሸጥ የነበረ ወጣት ነው። መነሻ ገንዘቡም 1,000 ዶላር ነበር። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ኩባንያውም ሆነ ተማሪው ሁለቱም ገጣጣሚዎች ናቸው። ልዩነቱ ማን በብዛትና በርካሽ ይገዛል፣ ማን ለሥራው ዋስ ይሆናል የሚለው ብቻ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ የገጣጣሚዎቹን ወገን ክርክር ሳናዛባ እናቅርብ።

የመጀመሪያው ማስረጃቸው ገዢው ገንዘቡ የት ላይ እንደሚውል ራሱ ይወስናል የሚል ነው። የስታትስቲክስ ተማሪ ለራም፣ የአርኪቴክቸር ተማሪ ለግራፊክስ ካርድ፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ደግሞ ለፕሮሰሰርና ለፈጣን ዲስክ ያደላል። ሁለተኛው፣ በደንቡ መሠረት የተሠራ ዕቃ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ያ ክፍል ብቻ ይለወጣል እንጂ ሣጥኑ በሙሉ አይጣልም። ሦስተኛው፣ የተገጣጠመው ኮምፒውተር ከባለቤቱ ጋር ያድጋል። ለምሳሌ ኤኤምዲ ኤኤም4 ለተባለው የፕሮሰሰር ማስገቢያ ለብዙ ዓመታት ፕሮሰሰር ስላወጣለት እ.ኤ.አ. በ2017 ማዘርቦርድ የገዙ ብዙ ሰዎች የባዮሱን ፕሮግራም ብቻ አድሰው እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የወጡትን ፕሮሰሰሮች ሊያስገቡበት ችለዋል። አራተኛውና በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው፣ በእጁ የገጠመ ሰው የሚሠራበትን ዕቃ ያውቀዋል፤ ሲበላሽበትም ጥገና ቤት ሄዶ የተነገረውን ሁሉ አያምንም።

ይኸ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን «ስለዚህ መገጣጠም ርካሽ ነው» የሚለው መደምደሚያ ከዚህ አይከተልም። ይኸ አባባል ዕቃው በየመንገዱ በሚገኝበት፣ ዋጋውም በየሳምንቱ በሚወዳደርበት አገር አንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። በእኛ ከተማ ግን ሒሳቡ እንዲህ አይወጣም። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንቁጠራቸው።

አንደኛ፣ ትልቁ ኩባንያ ፕሮሰሰሩንና ራሙን በመቶ ሺህ እየቆጠረ ሲገዛ ተማሪው አንድ ፍሬ ይገዛል። የአንድ ፍሬ ዋጋና የመቶ ሺህ ዋጋ ደግሞ ከቶ አንድ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ለየብቻ የሚመጣ ዕቃ ለየብቻ ይጓጓዛል፣ ለየብቻ ይቀረጣል፣ በየእጁም ለየብቻ ይተረፍበታል። ስድስት ዕቃ ከአራት ነጋዴ የሚገዛ ሰው አራት ትርፍ ይከፍላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱ ይታወሳል። ከውጭ የሚገባ እያንዳንዱ ብሎን ይኸን ሸክም ይዞ ነው የሚገባው።

ሦስተኛ፣ የራም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ የራም ዋጋ በመላው ዓለም በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍና ከዚያም በላይ ሆኗል። ምክንያቱም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚቋቋሙት ታላላቅ የኮምፒውተር ማእከሎች የማስታወሻ ቺፑን በጅምላ እየወሰዱት ነው። የዓለምን ራም በብዛት የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን የተባሉት ሦስት ኩባንያዎች ሲሆኑ ፋብሪካቸውን ወደዚያው የበለጠ ትርፍ ወደሚገኝበት ሥራ አዙረዋል። ማይክሮንም ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ለተራው ገዢ «ክሩሻል» በሚል ስም ሲሸጥ የቆየውን የራምና የዲስክ ንግድ እንደሚያቆም አስታውቋል። በዚህ ወቅት ራም ብቻውን ፈልጎ የሚገዛ ሰው ገበያው በጣም በሚጨክንበት ቦታ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

አራተኛ፣ የተገጠመ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ይዞ አይመጣም። የዊንዶውስ 11 የቤት ፈቃድ በአሜሪካ የተቆረጠለት ዋጋ 139 ዶላር ነው። በኩባንያ ተሠርቶ የሚወጣው ኮምፒውተር ግን ብዙውን ጊዜ ፈቃዱ በማዘርቦርዱ ላይ ተመዝግቦበት ይመጣል። «ማን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ተሰርቆ የተገለበጠውን እንጭናለን» የሚል ቢኖር፣ ከተሰረቀው ፕሮግራም ጋር የሚመጣው ቫይረስ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲበላበት መልሱን ያገኘዋል። ፈቃድ መክፈል ያልቻለ ሰው ሊኑክስን በነጻና በሕጋዊ መንገድ መጫን ይችላል።

አምስተኛ፣ ገጥመነው ባይነሣስ? ራም የሸጠው በማዘርቦርዱ ያሳብባል፤ ማዘርቦርድ የሸጠው በፓወር ሰፕላዩ፤ ፓወር ሰፕላይ የሸጠው በገጣጣሚው እጅ። ኩባንያ አገር ውስጥ ሌላ ማዘርቦርድ፣ ሌላ ራም አለውና እያቀያየረ ይፈትናል። ተማሪው ግን በእጁ ያለው አንድ አንድ ነው። የመግጠሙ ዕውቀት ቢኖረውም የመፈተኛው ዕቃ የለውም።

በዚህ ላይ ያልተጠነቀቀውን የሚጥሉ ወጥመዶች አሉ። ዲዲአር4 ራም ለዲዲአር5 በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። የኢንቴል ፕሮሰሰር በስሙ መጨረሻ ላይ «ኤፍ» ካለበት፣ ለምሳሌ ኮር አይ3-12100ኤፍ ከሆነ፣ በውስጡ የግራፊክስ ክፍል የለውም። ዋጋው ስላነሰ ደስ ብሎት የገዛው ሰው የግራፊክስ ካርድ እስኪጨምር ድረስ በስክሪኑ ላይ የሚያየው ጨለማ ብቻ ነው። በውስጡ ግራፊክስ ያለውን እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለውን የገዛ ደግሞ ራሙን በአንድ ፍሬ ካስገባ የዕቃውን ጉልበት በከንቱ ያባክነዋል፤ ሁለት እኩል ፍሬ ማስገባት ይገባዋልና። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት እንዲህ ላለው የችኮላ ግዢ የተነገረ ይመስላል።

እንግዲህ የተዘጋጀውን አዲስ ኮምፒውተር የሚሸጡት ነጋዴዎች ይኸን ሲያነቡ ደስ ይላቸው ይሆናል። ነገር ግን ደስታቸው ረዥም አይሆንም፤ ለእነርሱም የምንለው አለንና።

በርካሽ የሚሸጠው አዲስ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የሚያምረው ከላዩ ነው። ትልቅ ቁጥር የሚጻፍበት ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ውስጡ ሲታይ ግን አንዲት ፍሬ ራም፣ አዝጋሚ ዲስክና ማን እንደ ሠራው የማይታወቅ ፓወር ሰፕላይ ይገኝበታል። ከጓደኞቻችን አንዱ ከአንድ ሱቅ «አይ7 ነው» ተብሎ የገዛው ኮምፒውተር ሲከፈት አይ7-2600 ሆኖ ተገኝቷል። ይኸ ፕሮሰሰር በጊዜው ጥሩ እንደ ነበረ አንክድም፤ ጊዜው ግን እ.ኤ.አ. 2011 ነበር። ዛሬ በስም ከእርሱ ዝቅ ያለው አይ3-8100 በብዙ ሥራ ይበልጠዋል። ስለዚህ አንባቢ ይኸን ይያዝ። በኢንቴል ስም ላይ ትልቁን ነገር የሚነግረን «አይ5» ወይም «አይ7» የሚለው ሳይሆን ከጭረቷ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው። አይ5-8500 ሲል ስምንተኛ ትውልድ፣ አይ5-12400 ሲል ዐሥራ ሁለተኛ ትውልድ ማለት ነው። ትውልዱን የማይነግር ሻጭ ዕድሜዋን እንደምትደብቅ ላም ሻጭ ነውና ጥርሱን ሳያዩ መግዛት አይገባም።

«ዋስትና አለው» የሚለውም ቃል ደረሰኝ ላይ ካልተጻፈ ከቃል አያልፍም። ስሙና አድራሻው፣ ዕቃው፣ መለያ ቁጥሩና የዋስትናው ቀን ያልሰፈረበት ዋስትና በተረቱ እንደሚባለው የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም።

ታዲያ መገጣጠሙም ውድ፣ አዲሱም ባዶ ከሆነ ተማሪው ወዴት ይሂድ? በእኛ አስተያየት ሦስተኛ መንገድ አለ። እርሱም በታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ዓመታት አገልግሎ የወጣውን የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ፣ ከፍቶና አጽድቶ፣ የጎደለውን በራስ እጅ መጨመር ነው። ይኸ መንገድ ከገዢው ወገን ርካሽነቱን፣ ከገጣጣሚው ወገን ዕውቀቱን ይወስዳል።

የቢሮ ኮምፒውተር ለጌጥ ሳይሆን ለብዙ ሰዓት ሥራ የተሠራ ነው። በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች በየጥቂት ዓመቱ በጅምላ ስለሚለውጡት ዋጋው ከጥንካሬው ጋር ሳይመጣጠን ይወርዳል። ራሙ ውስጡ ስላለ በዛሬው የራም ገበያ ላይ ይኸ ራሱን የቻለ ጥቅም ነው። ነገር ግን የትኛውን? እዚህ ላይ አንድ ድንበር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የጥበቃ ክፍልና፣ በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በቀር፣ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ስለዚህ ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገው ተማሪ ከስምንተኛው ትውልድ በታች አይውረድ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም720 እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ የዚህ ትውልድ ኮምፒውተሮች ናቸው። በብዙዎቹ ውስጥ የሚገኘው አይ5-8500 ስድስት ኮር አለው፤ ለጽሑፍ፣ ለስታትስቲክስ፣ ለፕሮግራም ሥራና ለቀላል የምሕንድስና ንድፍ ይበቃል።

ከድንበሩ በታች ያለው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ትውልድ፣ በዚሁ ምክንያት ረክሷል። ገንዘቡ በጣም ያነሰበትና ሊኑክስ ለመልመድ የማይሰንፍ ተማሪ ይኸን ቢገዛ አናዝንበትም። ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ተጭኖበት፣ ሊብሬኦፊስ ይዞ፣ በፊደላችን እየጻፈ የመመረቂያ ሥራውን ከዳር ማድረስ ይችላል።

ስለ ገንዘብ ስንናገር አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንመክራለን። ተርፎ የሚጨመር ጥቂት ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ለኤስኤስዲ ዲስክ ይዋል። የሚሽከረከረው የድሮ ዲስክ በሴኮንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ ተራው ኤስኤስዲ 500 ገደማ ያነባል፤ የተበታተነ ጥቃቅን ፋይል በማንበብ ደግሞ ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል። ያረጀ የሚመስለው ኮምፒውተር ነፍስ የሚዘራው በዚህ ነው።

የዚህን ሦስተኛ መንገድ ጉድለት ደግሞ አንሸሽግም። የቢሮ ኮምፒውተር ኤቲኤክስን ሙሉ በሙሉ አያከብርም። በብዙዎቹ ላይ የፓወር ሰፕላዩ ቅርጽና መሰኪያው የኩባንያው የራሱ ስለሆነ ሲበላሽ የሚተካው በዚያው ዐይነት ብቻ ነው። ትንሹ ሣጥን የሚቀበለውም አጭሩን የግራፊክስ ካርድ ነው፤ ካርዱም ከማስገቢያው ከሚያገኘው 75 ዋት የበለጠ የሚጠይቅ መሆን የለበትም። ስለዚህ ትልልቅ ሕንፃ በሦስት ጎን እየሳለ የሚያሳይ የአርኪቴክቸር ተማሪ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ወይም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል የሚያሠለጥን ተማሪ በዚህ አይረካም። ለእነዚህ ወንድሞችና እኅቶች መገጣጠም ትክክለኛው መንገድ ነው። ለእነርሱ የምንለው አንድ ቃል ብቻ ነው። ከፕሮሰሰሩ ቆጥቡ፣ ከኬዙ ቆጥቡ፣ ከመብራቱ ፈጽሞ ቆጥቡ፤ ከፓወር ሰፕላዩ ግን አትቆጥቡ። መብራት በሚሄድበትና ሲመለስ በሚገነፍልበት ከተማ ውስጥ የማይታወቅ ፓወር ሰፕላይ ራሱ ብቻ አይሞትም፤ ማዘርቦርዱንና ዲስኩንም ይዞ ሊሞት ይችላል። የተገጠመውን የገዛም ሆነ ራሱ የገጠመ ሁሉ ዩፒኤስ ቢኖረው፣ ባይኖረውም መብራት ሲጠፋ ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ እስኪረጋ ቢጠብቅ ይበጀዋል።

ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት እነዚህን ይመልከት። ባዮሱ የይለፍ ቃል ተቆልፎበት እንደ ሆነ ይፈትሽ፤ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ዕቃ ቁልፉ ሳይፈታ ሊሸጥ ይችላልና። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደ ሠራና ጤንነቱ እንዴት እንደ ሆነ ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ያሳዩኝ ይበል። ሰዓቱና ቀኑ በየጊዜው ከጠፋበት አይደንግጥ፤ የሚለወጠው ሲአር2032 የተባለው የ3 ቮልት ባትሪ ብቻ ነው። ሣጥኑ ተከፍቶ አቧራው ይታይ፤ ፋኑ ይሰማ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሥራ ላይ ቆይቶ ይታይ። ይኸን የከለከለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷልና ወደ ሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ለየግላችን የሚሆን ምክር ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን መርካቶ እየወረደ፣ ብቻውን እየተከራከረ፣ ብቻውን እየተታለለ የሚኖር ከሆነ ማኅበር ማቋቋማችን ለምን ይጠቅማል? በመስከረም ወር ኮምፒውተር የሚገዛው ተማሪ አንድ አይደለም። ነጋዴው የተማመነው አንድ በአንድ በመምጣታችን ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል በሥራ ላይ ለማዋል ለማኅበራችን ጉባኤ የሚከተሉትን አራት ነገሮች እናቀርባለን።

1ኛ. በየዓመቱ መጀመሪያ የሚገዙ ተማሪዎች ስማቸውን ያስመዝግቡና ማኅበሩ በአንድነት ዋጋ ይጠይቅላቸው። ሃያና ሠላሳ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚገዛ ወገን የጽሑፍ ዋስትና መጠየቅ ይችላል፤ ዕቃውም አንድ ዐይነት ስለሚሆን መለዋወጫው እርስ በርስ ይረዳዳል።

2ኛ. ከምሕንድስናና ከኮምፒውተር ተማሪዎች የተመረጠ የፍተሻ ኮሚቴ ይቋቋም። ገዢው ብቻውን አይሂድ፤ ከኮሚቴው አንድ ሰው አብሮት ይሂድ። ስለዚህም አገልግሎት ከገዢም ከሻጭም አንዲት ሳንቲም አይቀበል፤ የተቀበለ ስሙ በዚህ ጋዜጣ ላይ ይውጣ።

3ኛ. ማኅበሩ አንድ የዕቃ ሣጥን ይኑረው። በውስጡም ጥሩ ካቻቢቴዎች፣ የሙቀት ቅባት፣ አንድ አንድ መፈተኛ ራም፣ አንድ መፈተኛ ፓወር ሰፕላይና አንድ ዲስክ ይቀመጥ። ቀደም ሲል ብቸኛ ተማሪ የመፈተኛ ዕቃ የለውም ብለናል። ማኅበሩ ግን ሊኖረው ይችላል።

4ኛ. በወር አንድ ቅዳሜ፣ የገዛም ያልገዛም ተማሪ ተሰብስቦ ኮምፒውተር የሚከፈትበትና የሚገጠምበት ትምህርት ይሰጥ። የሕግ ተማሪውም፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዋም ራም አውጥተው ይመልሱ። ማዘርቦርድ የሚፈራው ያልነካው ሰው ብቻ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንደኛው «የተማሪ ማኅበር ነጋዴ አይደለም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ማኅበሩ አይገዛም፣ አይሸጥም፣ አያተርፍም። አባላቱ ሲገዙ እንዳይታለሉ ግን ይቆማል። አባላቱ በገበያ ላይ ሲዘረፉ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ማኅበር በሌላውስ ጉዳይ ምን ሊፈይድልን ነው? ሁለተኛው ተቃውሞ የገጣጣሚዎቹ ነው። «ያገለገለ ዕቃ በማመስገናችሁ የውጭ አገር ጥራጊ መጣያ እንድንሆን ትመክራላችሁ» ይሉናል። ለዚህ የምንመልሰው፣ ጥራጊ የሚሆነው የተጣለው ሳይሆን የማይጠገነው ዕቃ ነው ብለን ነው። አይቶ፣ ከፍቶ፣ አድሶ የሚሠራበት ሰው ዘንድ የ2018 እ.ኤ.አ. ኮምፒውተር የሥራ መሣሪያ ነው። ሳያይ ለሚገዛ ሰው ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጣውም በሦስተኛው ወር ጥራጊ ይሆንበታል።

ጠቅለል አድርገን ስንናገር፣ «ገጥመን እንሥራ ወይስ የተገጠመውን እንግዛ?» ለሚለው ጥያቄ ያለን መልስ ይኸ ነው። ከባድ የሥዕልና የስሌት ሥራ ያለበት፣ በቂ ገንዘብም ያገኘ ይገጥም። የቀረነው ብዙኃኑ ግን ከስምንተኛው ትውልድ ያልወረደ የቢሮ ዴስክቶፕ እንግዛ፤ ገዝተንም ክዳኑን ሳንከፍት አንቅር። ሣጥኑን መግዛት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በገዙት ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለ አለማወቅ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ለቄስ ተማሪ ብቻ አይደለም።

ከዚህ የተለየ አስተያየት ያለው ተማሪ ጽሑፉን ለአዘጋጆቹ ያቅርብ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣለታለን። ያቀረብናቸው አራት ነጥቦች ግን ከክረምቱ በፊት በጉባኤ ካልተወሰኑ በመስከረም የሚገባው አዲስ ተማሪ እንደ ወትሮው ብቻውን መርካቶ ይወርዳል። ጉባኤተኞች ሆይ፣ ጊዜው ሳያልፍ ድምፃችሁን ስጡ!